ጣሪያ የማይነካው ግድግዳ

ርዕሰ መምህራችን መጋዘኑን መጀመሪያ ያሳየችን ቀን ከመምህራኑ ሁሉ የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ጨዋዎች ናቸው። ከሰንጋ ተራ ወደ ለገሃር በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ድሮ የባቡር ጭነት ይራገፍበት ከነበረው ረጅም የድንጋይ ቤት ፊት ቆመችና እጇን ዘርግታ «ይኸው ትምህርት ቤታችን» አለች። በሩ የሰው በር አልነበረም፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ዝሆን ከነቤተሰቡ የሚያሳልፍ የብረት መዝጊያ ነው። ወንዶቹ መምህራን ተጋግዘው ገፉት። መጀመሪያ እርግቦች ወጡ፤ ቀጥሎ አቧራ፤ ቀጥሎ የቆዳ፣ የጨውና የቡና ገለባ ሽታ አንድ ላይ ተቃቅፎ ወጣ። የኔም ሳቅ ያኔ አመለጠኝ።

«ምን ያስገለፍጥሻል?» አለችኝ ጠጋ ብላ።

«ወለሉን እዪው» አልኳት።

የባቡር ሰዎች ዕቃ ሲያወርዱ ወገባቸው እንዳይቆረጥ ብለው ወለሉን የሠሩት በፉርጎው ወለል ከፍታ ልክ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ከሥሩ ቢቆም አናቱ እንኳን ከጠርዙ አይደርስም። «ልጆቹን በምን ልናስገባቸው ነው? በጆንያ?» አልኳት።

«ደረጃ ይሠራል» አለች፤ አልሳቀችም። እሷ ካልሳቀች ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

እሷና እኔ ከልደታ ማርያም ጀርባ አጥር በሚጋሩ ሁለት ቤቶች ነው ያደግነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ላጲስ ለሁለት ገምሰን ተማርን። ኋላ እሷ በዚያው በተማርንበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነች፤ እኔም በዚያው አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። ሰው ፊት «እርስዎ» እላታለሁ። ሰው ዞር ሲል የምላት ለጽሑፍ አይሆንም።

ያደግንበት ሰፈር አሁን የለም። ቤቶቹ ፈርሰው ሰዉ በከተማው ዳር ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ፤ እኔ ራሴ ሥራ የምገባው ሁለት ታክሲ ይዤ ነው። የሚገርመው ግን ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤታችን አላስወጡም። ጎህ ሲቀድ ቀስቅሰው፣ ከተማውን አቋርጠው ያመጧቸዋል። የትምህርታችን ጥራት ስቧቸው ነው ብል እዋሻለሁ፤ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የሚያመጧቸው የድሮ ጎረቤታቸውን የሚያገኙት ልጅ ሊቀበሉ በር ላይ ሲቆሙ ብቻ ስለሆነ ነው። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ተዝካር መቼ እንደሚወጣ የሚነገረው እዚያ ነው። ዕድሩም ቢሆን የሚመራው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። በአጭሩ፣ ሰፈራችን በቀን አንድ ጊዜ፣ ልጆች ሲለቀቁ ለትንሽ ደቂቃ ተመልሶ ሰፈር ይሆናል።

ታዲያ የትምህርት ቤቱም ግቢ ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገ። የወላጆች ስብሰባ ተጠራ፤ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ርዕሰ መምህራችንን አዩዋት። እሷም ማንም ሳያስገድዳት ተነሥታ «አንድም ልጅ አይበተንም» አለች። አጠገቧ ተቀምጬ እግሯን በእግሬ መታሁት፤ ዘግይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ለቢሮ እየተንከራተተች፣ እየለመነችና እየተቆጣች ያገኘችው ይህንን መጋዘን ነው። የተሰጠንም በጊዜያዊነት ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሳያልቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱ ለማስተማር ብቁ ነው ካላለ፣ ልጆቹ በየሚኖሩበት አካባቢ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ይከፋፈላሉ።

መጋዘኑ ቅርስ ነው። ቅርስነቱን ያወቅነው ሚስማር ልንመታ ስንል ነው። ከየት እንደመጣ ሳናየው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ቀጭን ሰውዬ «ተዉ! ተዉ!» እያለ ደረሰና ግድግዳውን በመዳፉ ያባብለው ጀመር። የቅርስ ባለሙያ ነው። የድንጋዩ ግድግዳ አይበሳም፤ የጣሪያው ብረት አይነካም፤ ተንሸራታቹ በር አይነሣም፤ ወለሉ ላይ የተተከለው የጭነት ሚዛን፣ በሬ ከነቀንዱ የሚመዝነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም አለን። «የምትሠሩት ሁሉ አንድ ቀን ተነሥቶ ሲሄድ ቤቱ እንደነበረ መገኘት አለበት» አለ። የትምህርት ደንቡ ደግሞ በሌላ በኩል ክፍል ማለት አራት ግድግዳ ያለው፣ የራሱ በር ያለው፣ ከሌላው ክፍል የተለየ ነው ይላል። ርዕሰ መምህራችን በሁለቱ መሀል ቆማ ራሷን ስታክ ሰነበተች።

በመጨረሻ አናጢዎች አስመጣች። በራሳቸው እግር የሚቆሙ፣ ድንጋዩንም ጣሪያውንም የማይነኩ ግድግዳዎች ከእንጨትና ከኮምፔንሳቶ ሠሩልን። ጣሪያው እዚያ ላይ፣ ሰማይ ቤት ነው፤ የእኛ ግድግዳ ከረጅም ሰው አናት ትንሽ አለፍ ብሎ ያበቃል። እላይ ላሉት እርግቦች ትምህርት ቤታችን የእንቁላል ካርቶን መስሎ ይታይ ነበር። ሚዛኑ መሀል ለመሀል ስለነበረ ሦስተኛ ክፍል ደረሰው፤ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እየተጋፉ ይመዘኑበት ነበር፤ ሴት መምህራን ግን በአጠገቡም አናልፍም። ለአንደኛ ክፍሎች ደረጃ ተሠራላቸው። እነሱ ግን ደረጃውን ንቀው፣ ድሮ ዕቃ ይወጣበት በነበረው ጠርዝ ላይ በደረታቸው እየተሳቡ መውጣት መረጡ። ዩኒፎርማቸው ከፊት ለፊት እስከ ዛሬ ነጥቶ አያውቅም።

ትምህርት መስከረም ላይ ተጀመረ። ነገሩ ገሃድ የወጣው በመጀመሪያው ቀን ነው።

ይህን ለመናገር ስለ ሂሳብ መምህራችንና ስለ አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። የሂሳብ መምህራችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ እኔንም ርዕሰ መምህሯንም ያስተማሩን ናቸው። ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ቤት መቀመጥ ግድግዳ ማየት ነው ብለው ተመለሱ። ድምፃቸው በድሮው ግቢ እንኳን ቅዳሴ ይረብሻል እየተባለ ይታማ ነበር። ልማዱ ደግሞ በዚህ አገር ጠመኔ የሸተተው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አስተማሪ ያስረዳል፤ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። የገባውም ያልገባውም፣ እንቅልፍ የወሰደውም ጭምር። መልሱ ከትምህርቱ ጋር አይተዋወቅም፤ «እንደምን አደራችሁ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደማለት ነው። «አልገባኝም» ያለ ልጅ በዘመኔ አላየሁም። እኔ ራሴ ክፍልፋይ የሚባል ነገር ሳይገባኝ «አዎ» እያልኩ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ።

ታዲያ በዚያ የመጀመሪያ ቀን እኔ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን ድርሰት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ጋሼ ሰባተኛ ክፍል ናቸው። አስረድተው ጨረሱና «ገባችሁ?» አሉ። «አዎ!» አለ ሰባተኛ ክፍል። «አዎ!» አለ ስድስተኛ ክፍል። የእኔዎቹ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ እስክሪብቷቸውን ሳያነሡ «አዎ!» አሉ። እየተንከባለለ ወርዶ፣ ፊደል ሲቆጥሩ የነበሩት አንደኛ ክፍሎች ጋ ደረሰ፤ እነሱ ገና አዲስ ስለሆኑ ከሁሉም አብልጠው ጮኹ። ጣሪያው ሁሉንም ሰብስቦ መልሶ አናታችን ላይ አወረደው። እርግቦቹ ግር ብለው ተነሡ። ጋሼ ደስ ባለው ድምፅ «ጎበዞች!» ሲሉ ተሰማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የነበረን አንድ ትልቅ ክፍልና ስምንት አስተማሪ ነው። አንደኛ ክፍሎች ሰባትን በመልኩ ሳያውቁት የሰባትን የብዜት ሰንጠረዥ በቃላቸው ወጡት፤ ከአራተኛ ክፍል ሰምተው ነው። የሳይንስ መምህሯ ለስምንተኛ ክፍል ስለ መራባት የምታስተምርበት ቀን ደረሰና ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ዝቅ ማድረጓ ነው የባሰው፤ ሁሉም ክፍል ለመስማት ጸጥ አለላት። በማግስቱ የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አባት መጥተው «ልጄ ትናንት እራት ላይ የጠየቀችኝን እኔ እስካገባ ድረስ አላውቀውም ነበር» አሉ። እኔም ብሆን አንድ ጠዋት ለአምስተኛ ክፍል ጌታዋ ገበያ ላይ ጥሏት ስለሄደ አህያ ተረት ሳነብ፣ ከወዲያ ማዶ የስምንተኛ ክፍል ጎረምሶች አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ። ልክዳው አልችልም፤ ደስ አለኝ። በአማርኛ አስተማሪነት ዘመኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የጋሼ ጩኸት ግን አላስችል አለኝ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን ትንሽ ቢቀንሱልን? ለእርስዎ ክፍል የሚያስተምሩት እኮ እኔም ክፍል እየገባ ነው።»

«ይግባ። ያኔ አልገባሽም፤ አሁን ብትሰሚው ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ ሻያቸውን እየማሰሉ።

ክው አልኩ። «ያውቁ ነበር? ያን ሁሉ ጊዜ ‹አዎ› ስል?»

«አስተማሪ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ይጠይቁናል?»

ሻያቸውን ፉት አሉ። «አንድ ቀን አንዳችሁ አይ ትላላችሁ ብዬ ነዋ» አሉ። «ይኸው ሸመገልኩ፤ አንድም አልተገኘም።»

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ጊዜ ሲቃረብ ርዕሰ መምህራችን ሰበሰበችን። ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ክረምቱም በጋውም በደረጃና በኮምፔንሳቶ ስትሯሯጥ ነው ያለፈባት። «ግድግዳውን ማስረዘም አንችልም» አለች። «ቅርስ ነው፤ አይነካም። ስለዚህ የምንችለው አፋችንን ማሳጠር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ‹ገባችሁ?› የሚል አስተማሪ እንዳይኖር። ጥያቄ ያለው ልጅ ጣቱን ያውጣ፤ አስተማሪው ጠጋ ብሎ ያናግረው።» ሁላችንም «እሺ» አልን። ገብቶን እንደሆነ አልጠየቀችንም።

እንደዚያ ያለ መከራ አይቼ አላውቅም። ልማድ ሆኖ፣ ልክ ማስረዳቴን ስጨርስ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን «ገ…» ብዬ ጀምሬ «ገጽ ሃያን አውጡ» ብዬ አመለጥኩ፤ ገጽ ሃያ ላይ ምንም የሚረባ ነገር አልነበረም። ልጆቹ ደግሞ ተረበሹ። ጥያቄው ካልተጠየቀ ትምህርቱ ማለቁን በምን ይወቁ? «ቲቸር፣ አለቀ?» እያሉ ያደርቁኛል። ጋሼ ለራሳቸው ዘዴ አበጁ፤ ሲያስተምሩ ትልቅ ከረሜላ ጉንጫቸው ውስጥ ይወትፋሉ። ከረሜላው ቃሉ ሲመጣ ያንቃቸዋል። ሰባተኛ ክፍል የዚያን ሰሞን ሂሳብ የተማረው በለዘዘና በሚጣፍጥ አማርኛ ነው። ቢሆንም ሠራ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

ተቆጣጣሪው ሐሙስ ጠዋት መጣ። ክራቫት ያሠረ፣ ትሑት፣ ገና በጎልማሳነቱ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ነው። ከሥሩ ባርኔጣ ያደረገው የቅርስ ባለሙያ ጣሪያውን እየተመለከተ ይከተላል። ደረጃውን አየ፤ ወደደው። መጸዳጃ ቤቱን አየ፤ ዝም አለ፤ ዝም ማለት ደግሞ ለመጸዳጃ ቤታችን ትልቅ ሙገሳ ነው። ክፍል ለክፍል ሲዞር የሚሰማው የጠመኔ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጆቹ እንደታዘዙት ጣታቸውን እያወጡ፣ አስተማሪዎቻቸው ጆሯቸው ላይ እያንሾካሾኩ፣ ለማየት እንኳን የሚያሳፍር ጨዋነት ሆነ። ርዕሰ መምህራችን ከኋላው ትሄዳለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ልደታን እየተማፀነች መሆን አለበት።

በመጨረሻ እኔ ክፍል ገባ። «በጣም ጥሩ ጸጥታ አለ» አላት። ወረቀቱን አጠፈው። በርዕሰ መምህሬ ፊት ላይ ለወራት ያላየሁት ሳቅ ብቅ ሲል አየሁ። ሰውየውም ደስ ብሎት ኖሮ ለልጆቹ ሁለት ቃል ልበል አለ።

«ልጆች፣ እኔ የመጣሁት ትምህርት ቤታችሁ የሚመቻችሁ መሆኑን ለማየት ነው። እናንተ ደግሞ ክፍላችሁን በንጽሕና ያዙ፤ በርትታችሁ ተማሩ፤ መምህሮቻችሁን አክብሩ።»

እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሻጥ አደረገ። እኔ ያኔ ነው ያወቅሁት። እስክሪብቶውን ያስቀመጠው ልክ እኛ ጠመኔ እንደምናስቀምጠው ነበር። ሰውየው ተቆጣጣሪ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ነበራ! እጄን ዘረጋሁ፤ አፉን ልይዝለት ነበር መሰለኝ። አልደረስኩም።

«ገባችሁ?» አለ።

ለሳምንታት የታፈነ «አዎ» ነው የወጣው። አምስተኛ ክፍል ጀመረው፤ ግራና ቀኙ ተቀበለው፤ ስምንተኛ ክፍሎች ጎርናና ድምፃቸውን ጨመሩበት፤ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ጋሼ ራሳቸው «አዎ!» ሲሉ ከነከረሜላው ለየሁት። ሁሉም ካበቃ በኋላ አንደኛ ክፍሎች ብቻቸውን ቀጠሉ። እርግቦቹ ተነሡ። የጣሪያው አቧራ፣ የባቡር ዘመን አቧራ፣ በሰውየው ኮት ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እንባው እስኪመጣ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፎ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ርዕሰ መምህሬም ሳቀች። ሲበቃው ዓይኑን ጠረገና ወደ ላይ፣ ግድግዳው ወደሚያበቃበት አየ። «ይሄ ግድግዳ ጣሪያ መድረስ አለበት» አለ ቀስ ብሎ።

«ጣሪያው አይነካም» አለ የቅርስ ባለሙያው።

«ካልተነካ ክፍል አይባልም።»

«ከተነካ ቅርስ አይባልም።»

የሚያናድደው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። አንዳቸው ክፉ ሰው ቢሆን እንኳን እሰድብና ይወጣልኝ ነበር። ርዕሰ መምህሬ ክንዴን ያዘችኝ።

ውሳኔው ከገና በኋላ ደረሰ። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ በየመኖሪያቸው እየተመደቡ ይዛወራሉ። ርዕሰ መምህሬ ቢሮዋን ዘግታ ከዋለች በኋላ፣ ከመለቀቂያው ሰዓት በፊት ሦስተኛ ክፍል ገባችና ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቆመች። ልጆች ማሰለፍ አላስፈለጋትም፤ ድምፅ ማጉያም አላስፈለጋትም። የቤቱ መሀል እሱ ነው፤ ከዚያ የተነገረ ሁሉም ጋ ይደርሳል። እኔ አምስተኛ ክፍል ሆኜ፣ ሳላያት፣ ሰማኋት።

«ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ አንድም ልጅ አይበተንም ብዬ ነበር» አለች። «አልሆነልኝም።» ከዚያ ማን ወዴት እንደሚሄድ ተናገረች። በኮዬ ፈጬ በኩል የምትኖሩ እዚያው አካባቢ፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል የምትኖሩ ወደዚያ፤ በጀሞ ያላችሁ ጀሞ፤ በየካ አባዶ ያላችሁ አባዶ። አንዱን ሰፈር በጠራች ቁጥር ከየክፍሉ የዴስክ እንቅስቃሴ ይሰማል፤ ልጆቹ ወደ ጓደኞቻቸው እየዞሩ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንደኛዋ የጀሞ፣ ሌላዋ የአባዶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠረጴዛውን ያያሉ። ክፍልፋይ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንድ የነበረ ነገር ሲቆራረስ እያንዳንዱ ቁራሽ ስም ይወጣለታል፤ ድሮ ያላመንኩት ያንን ነበር። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞርኩ።

እሷ ጨረሰች። እና ድካሙ ይሁን ልማዱ፣ ራሷ የከለከለችው ቃል አመለጣት።

«ገባችሁ?» አለች።

ማንም አልመለሰም። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ ጥያቄ በኋላ ዝምታ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። አንደኛ ክፍሎች እንኳን ዝም አሉ።

ከሰባተኛ ክፍል ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ጋሼ ተነሥተው ነው። እኛን የድሮ ተማሪዎቻቸውን ከ«አንቺ» ሌላ ጠርተውን አያውቁም።

«መምህርት» አሉ፤ ጉንጫቸው ውስጥ ከረሜላ አልነበረም። «አልገባንም። እባክዎ እንደገና ያስረዱን።»

ከዚያ ሰባተኛ ክፍል «አልገባንም!» አለ። ስድስተኛ ክፍል «አልገባንም!» አለ። የእኔዎቹ ተነሥተው ቆሙ። አንደኛ ክፍሎች ምን እንደሆነ ባያውቁትም ከሁላችንም አብልጠው ጮኹ። እኔም ጮኽኩ፤ ለዚያ ሁሉ ዘመን «አዎ» ካሣ እንዲሆን አድርጌ ጮኽኩ።

ርዕሰ መምህሬ እንደገና አስረዳች። ሲያበቃ «ገባችሁ?» አለች፤ አሁን አላመለጣትም፤ ሆን ብላ ነው። «አልገባንም!» ተባለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ሄጄ ሳያት ሁለቱንም ታደርግ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ቆማ።

በማግስቱ ተጣጥባ፣ ደህና ቀሚሷን ለብሳ ውሳኔውን ወደሰጠው የትምህርት ቢሮ ሄደች። አብሬያት ሄድኩ።

«ውሳኔው አልገባንም» አለቻቸው።

«ምኑ ነው ያልገባዎት?» አላት ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ።

«ሁሉም። ተማሪዎቹም አልገባቸውም፤ መምህራኑም አልገባቸውም።»

ሰውየው ግራ ገባው። እምቢ ለሚል ሰው መልስ አለው፤ ለሚለምንም መልስ አለው፤ «አልገባኝም» የሚል ሰው ግን ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። ወደ ጎኑ ያለውን ሰው አየ፤ ያም ሌላውን አየ። ተመካክረው ተመለሱና «የሚያስረዳ ሰው እንልካለን፤ እስከዚያ ባላችሁበት ቀጥሉ» አሉን። ቀላል ባቡሩ ፌርማታ ሥር እስክንደርስ ትንፍሽ አላልንም። እዚያ ስንደርስ የያዝነውን ሳቅ ለቀቅነው፤ አጠገቡ ባለው ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ረትተን የወጣን መስሏቸው «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉን።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጀምሯል፤ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነን። ሥራ በዝቶብናል። ልጆቹ ቃሉን አንዴ ቀምሰውታል፤ አሁን «ገባችሁ?» ስል ከመሀል «አልገባኝም ቲቸር» የሚል አይጠፋም፤ እንደገና ማስረዳት አለብኝ፤ አንዳንዴ ሳስረዳ ለእኔም እንዳልገባኝ አገኘዋለሁ። ጋሼ ክፍልፋይ ላይ ከቆሙ ሰነበቱ፤ አንድ ምዕራፍ አልተሻገሩም፤ እንደዚህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። የቅርስ ባለሙያው አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ጣሪያውን አይቶ፣ ሰላም መሆኑን አረጋግጦ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲለቀቁ ተንሸራታቹ በር ይገፋል። ወላጆች ከሥር፣ ድሮ ፉርጎው ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ተሰብስበው ያወራሉ። አንደኛ ክፍሎችን ከጠርዙ ላይ አንድ በአንድ እያነሣን እናቀብላቸዋለን፤ የማንም ልጅ ይሁን፣ የቀረበው ሰው ይቀበላል። ትናንት አንዲት እናት፣ በድሮው ሰፈር በራቸው ከኛ ቤት ፊት ለፊት የነበረ፣ ልጃቸውን ከእጄ ተቀብለው «የሚያስረዳው ሰው መጣ?» አሉኝ።

«አልመጣም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ልጃቸውን ወደ ጀርባቸው አዞሩና ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ቢመጣም አይገባንም» አሉ።